የአውሮፓ ቢዝነስ ስኩል ዲግሪ ወጪውን ይመልሳል? ቅድመ ክፍያ ከመላካችሁ በፊት የምትሠሩት ስሌት

ብዙ ሰው ይህን ውሳኔ የሚወስነው ሁለት ቁጥር ብቻ ይዞ ነው። አንዱ ትምህርት ቤቱ ድረ ገጹ ላይ የለጠፈው ክፍያ፣ ሌላው የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ የሰፈረው የተመራቂዎች ደመወዝ ነው። ክፍያውን ለደመወዙ ያካፍልና «በአንድ ዓመት ተኩል ይመለሳል» ብሎ ካርታ ያስይዛል። ስሌቱ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ክፍያው የጠቅላላ ወጪው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ ያለው ደመወዝ ደግሞ በማንም እጅ የገባ ገንዘብ አይደለም (ምክንያቱ ደረጃ 5 ላይ አለ)።

ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሥሩ። አንዱ ላይ ከወደቃችሁ ወደሚቀጥለው አትለፉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ። ትምህርት ቤቶቹ ከአራት አይብለጡ፤ አሥር ያወዳደረ ሰው አንዱንም በደንብ አያውቀውም።
- ያለፉት ስድስት ወራት የባንክ ስቴትመንት፦ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ተረፈ።
- የሥራ ልምዳችሁ በዓመትም በሰዓትም ተሰልቶ። አንዳንድ ስኮላርሺፖች የሚቆጥሩት በሰዓት ነው።
- የባንካችሁ የዕለቱ የዩሮ ወይም የፓውንድ መሸጫ ዋጋ። በመግዣ ዋጋ የሚያሰላ ሰው ገና ሲጀምር ወጪውን አሳንሶ ይነሳል። የባንኩን የአገልግሎት ክፍያም ጨምሩበት።

## ደረጃ 1፦ የምትፈልጉትን ሥራ በአንድ መስመር ጻፉ

ሦስት ነገር ይኑረው፦ ሥራው፣ ከተማው፣ የሚከፈላችሁ ገንዘብ። «ፍራንክፈርት፣ ባንክ ውስጥ የብድር ስጋት ተንታኝ፣ በዩሮ»። «ዱባይ፣ አማካሪ ድርጅት፣ በድርሃም»። «አዲስ አበባ፣ የቤተሰቡ አስመጪ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ በብር»።

ከሦስቱ ከባዱ የመጨረሻው ነው። ወጪው በዩሮ ሆኖ ገቢው በብር ከሆነ ቀሪው ስሌት በሙሉ ይለወጣል።

አሁን በዚያ ከተማ ለዚያ ሥራ የወጡ 20 የቅጥር ማስታወቂያዎች ፈልጉ። በሰንጠረዡ ላይ ሦስት ነገር ቁጠሩ፦ ስንቱ የማስተርስ ወይም የኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ዲግሪ ይጠይቃል፣ ስንቱ የአገሩን ቋንቋ ይጠይቃል፣ ስንቱ የሙያ ፈቃድ (ለምሳሌ የሂሳብ ሙያው ኤሲሲኤ ወይም የኢንቨስትመንት ትንተናው ሲኤፍኤ) ይጠይቃል። ዲግሪውን የሚጠይቁት ከአምስት ካነሱ ያንን በር የሚከፍተው ቢዝነስ ስኩል አይደለም። ለሂሳብ ሥራ ኤሲሲኤ አዲስ አበባ ተቀምጦ በጥቂት ሺህ ፓውንድ ያልቃል፤ 80 ሺህ ዩሮ አውጥቶ ተመሳሳይ ወንበር ላይ መቀመጥ ኪሳራ ነው።

መስመሩ አልሞላ ካለ፦ «ዓለም አቀፍ ልምድ ማግኘት» ወይም «ራሴን ማሳደግ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሥራ አልጻፋችሁም። ማመልከቻውን አንድ ዓመት አሳድሩት። ትምህርት ቤቶቹ የትም አይሄዱም።

## ደረጃ 2፦ ዲግሪውን ከሥራ ልምዳችሁ ጋር አስተያዩ

እስከ 2 ዓመት ልምድ፦ ማስተርስ ኢን ማኔጅመንት፣ ወይም በፋይናንስ፣ በአቅርቦት ሰንሰለት፣ በዳታ ትንተና የተለየ ማስተርስ። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል።

ከ3 ዓመት በላይ፦ ኤምቢኤ። ጠንካራ የአውሮፓ ክፍሎች ውስጥ የሚቀመጠው ተማሪ ባብዛኛው አምስትና ስድስት ዓመት የሠራ ነው። ብዙዎቹ የአውሮፓ ኤምቢኤዎች አጭር ናቸው፤ የፈረንሳዩ ኢንሲአድ 10 ወር፣ የሎዛኑ አይኤምዲ አንድ ዓመት ገደማ፣ የለንደን ቢዝነስ ስኩል ከ15 እስከ 21 ወር ነው።

ከ10 ዓመት በላይ፦ የሥራ አመራር ኤምቢኤ፣ ሥራ ሳይለቁ በየወሩ ጥቂት ቀን የሚማሩት። ይህን ከኪስ መክፈል ብዙም ትርጉም የለውም፤ አሠሪ የሚከፍለው ዓይነት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ያለ አንድ ቀን የሥራ ልምድ በኤምቢኤ የሚቀበላችሁ ትምህርት ቤት ካጋጠማችሁ እዚያው አቁሙ። የኤምቢኤ ግማሽ ዋጋው አጠገባችሁ የሚቀመጠው ሰው የሠራው ሥራ ነው። ማንም ያልሠራበት ክፍል ውስጥ የምትገዙት ወረቀቱን ብቻ ነው፤ ቀጣሪም ይህን ያውቃል።

## ደረጃ 3፦ እውቅናውን በራሳችሁ አጣሩ

ደላላ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ዓይነት እውቅና አለ፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

የሙያው እውቅና። ሦስት አካላት አሉ፦ ኤኤሲኤስቢ፣ ኢኩዊስ እና አምባ (ከአማርኛው አምባ ጋር ዝምድና የለውም)። ኤኤሲኤስቢ እና ኢኩዊስ ትምህርት ቤቱን በሙሉ ይመረምራሉ፤ አምባ የሚያየው ፕሮግራሙን ነው። ሦስቱንም የያዘው በዓለም ካሉት ቢዝነስ ስኩሎች አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቢያንስ አንዱን የሌለው ትምህርት ቤት በስሙ ቀጣሪ አያመጣላችሁም። ማረጋገጫው የትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ያለው አርማ ሳይሆን የእውቅና ሰጪው የራሱ ዝርዝር ነው። «አባል» ማለት «እውቅና ያገኘ» ማለት አይደለም፤ የአባልነት አርማ በገንዘብ ይገኛል።

የመንግሥት እውቅና። እንደ አገሩ ይለያያል፦

- *ፈረንሳይ፦* «ግራድ ደ ማስተር» የሚል የመንግሥት ደረጃ እንዳለው እዩ። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት «ቲትር አርኤንሴፔ» የሚባል የሙያ ማዕረግ ነው። ሕጋዊ ነው፤ ግን የመንግሥት ማስተርስ አይደለም። ከምረቃ በኋላ ሥራ ለመፈለግ በሚሰጠው ፈቃድ ላይ ይህ ልዩነት ዋጋ ያስከፍላል።
- *ጀርመን፦* አናቢን በተባለው የመንግሥት መረጃ ቋት ውስጥ «ኤች ፕላስ» የሚል ምልክት ይኑረው።
- *እንግሊዝ፦* በአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የተማሪ ስፖንሰሮች ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት። ከሌለ ቪዛ የለም።
- *ኔዘርላንድስ፦* የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ አይኤንዲ እውቅና የሰጣቸውን ስፖንሰሮች ዝርዝር ያወጣል።
- *ስዊዘርላንድ፦* ተጠንቀቁ። በንግድ ፈቃድ ብቻ ተቋቁመው «ኤምቢኤ» የሚሰጡ የግል ድርጅቶች አሉ። በስዊስዩኒቨርሲቲስ ዝርዝር ውስጥ የሌለውን እለፉት።

ወደ አገር የምትመለሱ ከሆነ የውጭ ዲግሪን አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ ለዚያ ትምህርት ቤት አቻ ግምት ይሰጥ እንደሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። በተለይ በኦንላይን የሚሰጥ ትምህርት ከሆነ ይህን ጥያቄ አትዝለሉ።

## ደረጃ 4፦ ሙሉ ወጪውን አስሉ

ሰባት መስመር አለው። አንዱንም ባዶ አትተዉ።

1. የትምህርት ክፍያ። ለመነሻ ያህል፦ የኢንሲአድ ኤምቢኤ 100 ሺህ ዩሮ ገደማ ነው፤ የለንደን ቢዝነስ ስኩል ከ110 ሺህ ፓውንድ በላይ። በሌላው ጫፍ ማንሃይም አለ። ሦስቱንም እውቅና የያዘ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲሆን በማስተርስ ኢን ማኔጅመንት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ተማሪ የሚከፍለው በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ነው። ይህ የባደን ቩርተምበርግ ክልል ክፍያ ነው፤ ባቫሪያ ያለው የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ከ2024 ጀምሮ ከዚህ በጣም የበለጠ ያስከፍላል። «ጀርመን ትምህርት በነፃ ነው» የሚለውን በየትምህርት ቤቱ አጣሩ።
2. መኖሪያ። መንግሥት ለቪዛ የሚጠይቀው ዝቅተኛውን እንጂ እውነተኛውን ወጪ አይደለም። ጀርመን በታገደ ሂሳብ (በየወሩ እየተከፋፈለ በሚለቀቅ የባንክ ሂሳብ) የምታስቀምጡት በ2025 በዓመት 11,904 ዩሮ ነበር፤ በወር 992። በዚህ ማንሃይም ውስጥ ተጨናንቆ ይኖራል፤ ሙኒክ ውስጥ አይኖርም።
3. ቪዛና ኢንሹራንስ። የጀርመን ቪዛ 75 ዩሮ ነው። የእንግሊዝ በ2025 ዋጋ 524 ፓውንድ ሲሆን የጤና ክፍያ በዓመት 776 ፓውንድ ይጨመራል። የአንድ ዓመት ኮርስ ቪዛ ከ12 ወር ስለሚያልፍ ብዙውን ጊዜ የዓመት ተኩል፣ ማለትም 1,164 ፓውንድ ትከፍላላችሁ።
4. ፈተና፣ ማመልከቻ፣ ትኬት። ጂማት ወይም ጂአርኢ (የመግቢያ ፈተናዎች)፣ አይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ፈተና)፣ የሰነድ ማረጋገጫ፣ የሦስት ትምህርት ቤት ማመልከቻ። 3,000 ዩሮ ያዙለት።
5. የምታጡት ደመወዝ። በትምህርቱ ወራት ላይ ለቪዛና ለዝግጅት የሚጠፉ ሦስት ወራት ጨምሩ።
6. ከምረቃ በኋላ ሥራ የምትፈልጉበት ጊዜ። አራት ወር፣ በሙሉ የመኖሪያ ወጪ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው፤ ገንዘቡ የሚያልቀውም እዚህ ላይ ነው።
7. የብድር ወለድ።

በትርፍ ሰዓት ሥራ አትተማመኑ። ሕጉ ይፈቅዳል፦ ጀርመን በዓመት 140 ሙሉ ቀን፣ ፈረንሳይ 964 ሰዓት፣ እንግሊዝ በትምህርት ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት፣ ኔዘርላንድስ በሳምንት 16 ሰዓት አሠሪው ፈቃድ አውጥቶ። ነገር ግን የ10 ወር ኤምቢኤ የሚማር ሰው ሳህን የሚያጥብበት ሰዓት የለውም። ለሁለት ዓመት ማስተርስ ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ ብቻ ቁጠሩት፤ እሱንም በግማሹ።

የምንዛሪ ፈተና። የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በጁላይ 2024 ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በዚያን ጊዜ የመጀመሪያውን ዓመት ከፍሎ ሁለተኛውን በብር ይዞ የተቀመጠ ሰው እጁ ላይ የቀረው ግማሽ ነው። ስለዚህ ገና ያልከፈላችሁትን ሁሉ ከዛሬው ዋጋ 30 በመቶ ጨምራችሁ አስሉት። በዚያ ዋጋ የማትችሉት ከሆነ አትጀምሩት።

## ደረጃ 5፦ የቅጥር ሪፖርቱን እንደ ኦዲተር አንብቡ

መጀመሪያ ሰንጠረዡን ወደ ጎን አድርጉ። ፋይናንሺያል ታይምስ በኤምቢኤ ደረጃው የሚያወጣው ደመወዝ ከምረቃ ሦስት ዓመት በኋላ ያለ ሲሆን በአገሮች የመግዛት አቅም ተስተካክሎ ወደ ዶላር የተቀየረ ነው። ኑሮ ርካሽ በሆነበት አገር የሚሠራ ተመራቂ ደመወዙ ሰንጠረዡ ላይ ያብጣል። አገር ለማወዳደር ጥሩ ነው፤ ብድር ግን በመግዛት አቅም አይከፈልም።

ከትምህርት ቤቱ የቅጥር ሪፖርት ውስጥ የሚከተሉትን አውጡ፦

- ስንት ሰው ነው የተቆጠረው? «92 በመቶ በሦስት ወር ተቀጠሩ» የሚለው ብዙውን ጊዜ «ሥራ ከሚፈልጉትና መልስ ከሰጡት ውስጥ» ማለት ነው። አሠሪ የላካቸው፣ የራሳቸውን ንግድ የጀመሩ፣ ዝም ያሉ ሁሉ ወጥተዋል። ከ100 ተመራቂ 60 ብቻ ከተቆጠሩ 92 በመቶው 55 ሰው ነው።
- አማካይ ነው ወይስ መካከለኛ? ሁለት ሰው ለንደን ባንክ ከገባ አማካዩ ይዘላል። ደመወዞቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን ያዙ። ከሌለ ዝቅተኛውን ሩብ ጠይቁ።
- መነሻ ደመወዝ ብቻ ነው ወይስ ጉርሻው ተደምሮበታል? የመፈረሚያ ጉርሻ አንዴ ብቻ ነው።
- በየትኛው አገር? ፓሪስ ተምረው ተመራቂዎቹ ወደ ዱባይና ሲንጋፖር ከሄዱ የፈረንሳይ ደመወዝ መረጃው የጥቂት ሰዎች ነው።

ቀጥሎ ለትምህርት ቤቱ የሥራ አፈላላጊ ክፍል በኢሜይል አንድ ጥያቄ ላኩ፦ «ባለፉት ሁለት ዓመታት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ፓስፖርት ያላቸው፣ የአገሩን ቋንቋ ሳይችሉ የገቡ ተመራቂዎች ስንት ነበሩ? ስንቶቹ እዚህ አገር ተቀጠሩ?» ቁጥር ከላኩ ጥሩ ነው። የተመራቂ ፎቶና ምስክርነት ከላኩላችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

በመጨረሻ በሊንክድኢን የትምህርት ቤቱን ተመራቂዎች በአፍሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ አጣሩና 15 ሰው ፈልጉ፤ አሁን የት እንደሚሠሩ ጻፉ። ለአምስቱ አጭር መልእክት ላኩ። «ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው?» አትበሉ፤ ሁሉም ጥሩ ነው ይላል። «ሥራ ለማግኘት ስንት ወር ፈጀብህ? ስንት ቦታ አመለከትክ?» ብላችሁ ጠይቁ።

## ደረጃ 6፦ ከምረቃ በኋላ የሚሰጣችሁን ጊዜ እወቁ

*ጀርመን፦* ሥራ መፈለጊያ 18 ወር። ለብሉ ካርድ (ዲግሪ ላላቸው የውጭ ሠራተኞች የሚሰጥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ) የሚያስፈልገው ዓመታዊ ደመወዝ በ2025 48,300 ዩሮ ነበር፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት ለተመረቀ ሰው 43,759.80። በአውሮፓ ካሉት ጠንካራ ዕድሎች አንዱ ይህ ነው፤ ግን ብዙው የቢሮ ሥራ ጀርመንኛ ቢ2 (ከመካከለኛ በላይ የቋንቋ ደረጃ) ይፈልጋል። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ መጻፉ ቢሮው በእንግሊዝኛ ይሠራል ማለት አይደለም።

*እንግሊዝ፦* የተመራቂዎች ቪዛ 2 ዓመት ነው፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ 18 ወር ይሆናል። ስለዚህ በ2026 መጸው ጀምራችሁ በ2027 የምትመረቁ ከሆነ 18 ወር ብላችሁ አስሉ። ከዚያ በኋላ ለሠራተኛ ቪዛ የሚጠየቀው ደመወዝ በ2025 41,700 ፓውንድ ሆኗል፤ ከተማሪነት በቀጥታ ለሚሸጋገሩ አዲስ ገቢዎች 33,400። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በኮርስ (በምርምር ያልሆነ) ማስተርስ የሚማር ሰው የትዳር ጓደኛና ልጅ ይዞ መሄድ አይችልም፤ ባለትዳሮች ይህን ሳታውቁ ቅድመ ክፍያ አትላኩ።

*ኔዘርላንድስ፦* አንድ ዓመት፤ ከምረቃ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ መጠየቅ ይቻላል። በእንግሊዝኛ ብቻ ሥራ ማግኘት ከጀርመንና ከፈረንሳይ ይሻላል። *አየርላንድ፦* ለማስተርስ ተመራቂ እስከ 2 ዓመት። *ፈረንሳይ፦* ለማስተርስ ተመራቂ 12 ወር። *ስዊዘርላንድ፦* 6 ወር ብቻ፤ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ሠራተኛም በዓመት የተወሰነ ኮታ አለ። ትምህርት ቤቱ ምንም ያህል ስም ቢኖረው ስዊዘርላንድ ለመቅረት ብሎ ስዊዘርላንድ መማር አደገኛ ቁማር ነው።

## ደረጃ 7፦ ሦስቱን ሂሳቦች ሥሩ

ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፤ በራሳችሁ ተኩ። አዲስ አበባ የተጣራ 60,000 ብር የሚያገኝና 10,000 የሚተርፈው ሰው እንውሰድ፤ ምንዛሪውን 1 ዩሮ በ170 ብር አድርገን።

ሂሳብ ሀ፦ የአንድ ዓመት ኤምቢኤ፣ 60,000 ዩሮ ተበድሮ

- ክፍያ 70,000
- መኖሪያ 12 ወር በ1,500፦ 18,000
- ፈተና፣ ቪዛ፣ ትኬት፦ 3,500
- የጠፋ ደመወዝ፣ 15 ወር (900,000 ብር)፦ 5,300
- ሥራ ፍለጋ 4 ወር፦ 6,000
- ድምር፦ 102,800 ዩሮ

ብድሩ በ11 በመቶ ወለድ ለ10 ዓመት ከሆነ በወር 826 ዩሮ ገደማ ነው፤ ተከፍሎ ሲያልቅ 99,000 ደርሷል። ጀርመን 70,000 ዩሮ ያልተጣራ የዓመት ደመወዝ ላላገባ ሰው በወር 3,550 ገደማ ይጣራል። ኑሮ 1,900፣ ብድር 826፣ ለቤተሰብ የሚላክ 300፣ አዲስ አበባ ቢቀር ኖሮ የሚተርፈው 60 ሲቀነስ 464 ዩሮ ይቀራል። ከኪስ የወጣው 42,800 የሚመለሰው በ7 ዓመት ከ8 ወር ነው። ለቤተሰብ የሚላከውን አትርሱ፤ ትምህርት ቤቱ የሚያወጣው ማስያ ውስጥ ይህ መስመር የለም።

ሂሳብ ለ፦ የሁለት ዓመት ማስተርስ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ያለ ብድር

- ክፍያ 4 ሴሚስተር፦ 6,000፤ የሴሚስተር መዋጮ 800
- መኖሪያ ሁለት ዓመት፦ 23,800
- ፈተና፣ ቪዛ፣ ትኬት፦ 3,000
- የጠፋ ደመወዝ 27 ወር፦ 9,500
- ሥራ ፍለጋ 4 ወር፦ 4,000
- ድምር፦ 47,100 ዩሮ

50,000 ዩሮ የዓመት ደመወዝ በወር 2,700 ገደማ ይጣራል። ኑሮ 1,700፣ ቤተሰብ 300፣ 60 ሲቀነስ 640 ይቀራል፤ 6 ዓመት ከ2 ወር።

በዓመት ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። አሁን በሁለቱም ላይ አንድ ነገር ለውጡ፦ ሥራው ሳይገኝ ቀረ። ሂሳብ ለ ያለው ሰው ያጠራቀመውን አጥቶ ከዕዳ ነፃ ይመለሳል። ሂሳብ ሀ ያለው ሰው ያጠራቀመውንም አጥቶ ወደ ሦስተኛው ሂሳብ ይገባል።

ሂሳብ ሐ፦ ተመልሶ በብር ደመወዝ

826 ዩሮ በ170 ብር 140,420 ብር ነው። በየወሩ፣ ለ10 ዓመት። ዩሮው 250 ቢገባ 206,500 ይሆናል። ይህን የሚከፍል የብር ደመወዝ አዲስ አበባ ውስጥ ምን ያህል ሰው ያገኛል? ደረጃ 1 ላይ «በብር» ብላችሁ የጻፋችሁ ሁሉ በብድር ኤምቢኤ አትማሩ። ሙሉ ስኮላርሺፕ፣ አሠሪ የሚከፍለው፣ ወይም በሥራ ላይ ሆነው የሚማሩት የአገር ውስጥ ኤምቢኤ ነው የሚያዋጣው።

ውሳኔው፦ ሂሳባችሁ ከ5 ዓመት በታች ከመለሰ ሂዱ። ከ5 እስከ 8 ከሆነ ደረጃ 8ን ሠርታችሁ እንደገና አስሉ። ከ8 በላይ ከሆነ ተዉት። ይህ ገደብ ጥብቅ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ የደመወዝ ጭማሪን ሆን ብለን እንዳልቆጠርን አስታውሱ፤ ሥራ ሳያገኙ የሚያልፉ ወራትንም ከአራት በላይ አልቆጠርንም።

## ደረጃ 8፦ ወጪውን ቀንሱ

ቼቭኒንግ (የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ)። 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ከትምህርት በኋላ ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስ ግዴታ ነው። ለኤምቢኤ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ እስከ 22,000 ፓውንድ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ራሳችሁ ትሞላላችሁ፤ ስለዚህ ኤምቢኤ ሳይሆን ስፔሻላይዝድ ማስተርስ ብታመለክቱበት ይሻላል። ማመልከቻው ኦገስት ላይ ይከፈትና ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ይዘጋል።

ዳድ (የጀርመን የስኮላርሺፕ ድርጅት)። ኢፖስ በተባለው ፕሮግራሙ የላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ የአነስተኛ ድርጅቶች ልማት ኤምቢኤ አለ፤ ሴፕት ይባላል። ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻ ዲግሪያችሁም ከስድስት ዓመት በላይ መቆየት የለበትም። ብዙ ጥሩ አመልካች በዚህ ሁለተኛው ይወድቃል።

ኢራስመስ ሙንዱስ (የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ)። ክፍያው ይሸፈናል፤ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል።

የትምህርት ቤቱ የራሱ ቅናሽ። የመጀመሪያው ዙር ላይ አመልክቱ፤ ገንዘቡ በየዙሩ ያልቃል። አዲሱ የጂማት ፈተና ከ205 እስከ 805 ይመዘናል፤ 645 ከድሮው 700 ጋር ይቀራረባል። ለቅናሽ ከክፍሉ አማካይ በላይ መሆን አለባችሁ። ሁለት ቦታ ከተቀበላችሁ አንዱ የሰጣችሁን ቅናሽ ለሌላው በጽሑፍ አሳዩና ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ይሠራል። ቅድመ ክፍያ ከላካችሁ በኋላ ግን አይሠራም።

በውጭ ለምትኖሩ። የአውሮፓ ኅብረት አገር ዜግነት ያለው ሰው በኔዘርላንድስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ በ2025/26 የሚከፍለው 2,601 ዩሮ ነው፤ ሌላው ከ20 ሺህ በላይ ሊጠየቅ ይችላል። የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ዓይነት ለዝቅተኛው ክፍያ ይበቃ እንደሆነ ጠይቁ። አሜሪካ ለምትኖሩ፦ አንዳንድ የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች የፌዴራል ተማሪ ብድር ይቀበላሉ፤ ግን ግራድ ፕላስ የተባለው ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ይቆማል፤ ለማስተርስ የሚገኘው በዓመት 20,500 ዶላር ብቻ ይሆናል። ቀሪውን ከየት እንደምታመጡ አሁኑኑ ጻፉ።

## ደረጃ 9፦ ቅድመ ክፍያ ስትልኩ

1. የመመለሻ ደንቡን በጽሑፍ አግኙ። «ቪዛ ከተከለከለ ይመለሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሌለ አትክፈሉ።
2. ገንዘቡን በባንክ በኩል በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ላኩ። ባንኩ የመግቢያ ደብዳቤ፣ ኢንቮይስና ፓስፖርት ይጠይቃል። ከአንድ ባንክ በላይ ጠይቁ፤ ዋጋውም ወረፋውም ይለያያል።
3. በጥቁር ገበያ አትላኩ። ከሕገ ወጥነቱ ሌላ ኤምባሲው የገንዘቡን ምንጭ ሲጠይቅ የምታሳዩት ወረቀት አይኖራችሁም።
4. ለደላላ ሒሳብ የትምህርት ክፍያ አታስገቡ። ትምህርት ቤት ክፍያ የሚቀበለው በራሱ ሒሳብ እንጂ በደላላ ስም አይደለም።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

*የቪዛ ቀጠሮ ትምህርቱ ከሚጀምርበት ቀን በኋላ ከሆነ፦* ወዲያውኑ ወደሚቀጥለው ዓመት እንዲዛወርላችሁ ጠይቁ። ስኮላርሺፑም አብሮ ይዛወር እንደሆነ ለብቻው አስጽፉ፤ መግቢያው ተዛውሮ ቅናሹ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

*ቪዛ ከተከለከለ፦* ጀርመን ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለኤምባሲው የሚቀርበውን አቤቱታ አስቀርታለች፤ የቀረው እንደገና ማመልከት ወይም በበርሊን ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። የክልከላ ደብዳቤውን አትጣሉ፤ የታገደው ሂሳብ የሚለቀቀውም ቅድመ ክፍያው የሚመለሰውም በእሱ ነው።

*ለእንግሊዝ ቪዛ ገንዘቡ ሒሳብ ውስጥ ሳይቆይ ከቀረ፦* 28 ተከታታይ ቀን ሳይነካ መቀመጥ አለበት። ከዘመድ ተሰብስቦ ትናንት የገባ ገንዘብ ይዛችሁ አታመልክቱ፤ ቀኑን ቆጥራችሁ ጠብቁ።

*ትምህርቱ መሃል ላይ ገንዘብ ካለቀ፦* ክፍያ ከማዘግየታችሁ በፊት የተማሪ ፋይናንስ ክፍሉን አነጋግሩ። ክፍያ ያልተከፈለበት ተማሪ ከምዝገባ ከተሰረዘ ትምህርት ቤቱ ለኢሚግሬሽን ያሳውቃል፤ ከዚያ በኋላ የክፍያ ድርድር አይደለም የሚጠብቃችሁ። በክፍፍል የመክፈል ስምምነት ብዙ ቦታ አለ፤ የሚሰጠው ግን ቀኑ ከማለፉ በፊት ለጠየቀ ነው።

*ከምረቃ ስድስት ወር አልፎ ሥራ ከሌለ፦* ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁትን መስመር አውጡና ከተማውን ለውጡ፤ ሥራውን አትለውጡ። የብድር ክፍያው የሚጀምርበትን ቀን አረጋግጡና ማራዘሚያውን ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት ጠይቁ።